የእንግዳ ነጋዴ ዓመት፤ ከጋምቤላ ወደብ እስከ ጾሬ ገበያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአዲስ አበባ የሚገኙት የውጭ አገር ነጋዴዎች የንግድ ምክር ቤቶች ዓመታቸውን የሚያሳልፉበት ሥርዓት ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ ሊቀ መንበር ይመረጣል፤ ስለ ግብርና ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚያስረዳ ባለሥልጣን ተጋብዞ ጥያቄ ይዘንብበታል፤ ሒሳብ ይመረመራል፤ በመጨረሻም የእራት ግብዣ ተደርጎ ዓመቱ ይዘጋል። ከእናንተም መካከል ለተቋራጭ ወይም ለአማካሪ ድርጅት የሠራችሁ በእንዲህ ያለው ግብዣ ላይ ተገኝታችሁ ይሆናል። ነገር ግን ይህ የአዳራሽ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት፣ በአገራችን ምዕራባዊ ጠረፍ ደብዳቤ የሚጻፍበት ጽሕፈት ቤትም ሆነ መተዳደሪያ ደንብ ሳይኖራቸው ዓመታቸውን በአንድነት ያሳለፉ የባዕዳን ነጋዴዎች ማኅበረሰቦች ነበሩ። ዓመታቸውን የሚደነግገው ደንብ ሳይሆን የወንዝ ውኃ፣ የመንገድ ጭቃና የሸክም ክብደት ነበር። ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ጉባኤ መቅረቡም ስለዚሁ ነው።

በአገራችን የንግድ ምክር ቤት በሕግ የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በዋና ከተማው የአስመጪና የላኪ ንግድ ውስጥ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ዓረቦችና ኢጣሊያኖች ሰፊ ድርሻ ነበራቸው። በኋላ በ1970 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 148፣ እንደገናም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 341 ምክር ቤቶቹ በአዲስ መልክ ተደራጁ። ይህ የሕጉ ታሪክ ነው፤ የሕጉ ታሪክ ደግሞ አጭር ነው። የነጋዴዎቹ ዓመት ታሪክ ግን ከዚህ ይረዝማል።

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚያመራው አቅጣጫ፣ በሆሞሻ ወረዳ ጾሬ የተባለ ስፍራ አለ። በ2007 ዓ.ም. ከሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ለተሰደዱ ሰዎች መጠለያ ተደርጎ የተከፈተ ሲሆን፣ በመጠለያው ውስጥ ሰው ባለበት ሁሉ እንደሚሆነው ገበያ በቅሏል። በዚያ ገበያ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠልና ልብስ የሚሸጠው ሰው የውጭ አገር ዜጋ ነው። ይሁን እንጂ ስለ «ውጭ አገር ነጋዴዎች» ሲነገር ማንም እርሱን አያስበውም። የጾሬው ሱቅ ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ከእርሱ በፊት በዚሁ ጠረፍ የነገዱትን እንግዶች መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ የጋምቤላው ይነሣ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከኢታንግ አቅራቢያ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ቦታው በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንደሆነ በውሉ ተጻፈ። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ በኋላ ትመጣለችና ትታሰብ።

የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ፤ ከ1896 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ንግዱ ተጀመረ። ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ ነጭ ዓባይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይወርድና ወደ ሶባት ይታጠፋል፤ ከሶባት ወደ ባሮ ገብቶ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ከኢትዮጵያ ተራሮች ግርጌ ይቆማል። ከዚያ በላይ ወንዙ ለመርከብ አይመችም። በመሆኑም ጋምቤላ የውኃው መንገድ ጫፍና የበቅሎው መንገድ መነሻ ሆነች። ግሪኮች፣ ሶርያውያን፣ አርመኖች፣ ሱዳኖችና እንግሊዞች መጥተው መጋዘን ሠሩ፤ የአቢሲንያ ባንክም በደጋው ላይ ጎሬ ቅርንጫፍ ከፈተ። ወደ ውጭ የሚሄደው ከሁሉ በፊት ቡና፣ ከዚያም ሰምና ቆዳ ሲሆን፣ ወደ አገር የሚገባው በአብዛኛው ጨውና አቡጀዲ ነበር።

እዚህ ላይ የሸክምን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ አህያ በተራራ መንገድ ሃምሳ ኪሎ ግራም ያህል ቢሸከም፣ ሁለት መቶ ቶን ቡና ለማጓጓዝ አራት ሺህ አህያ ያስፈልጋል። አህዮቹ አንድ በአንድ ተከታትለው ቢሄዱና እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ቢይዙ ሰልፉ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ፊተኛው ነጂ ውኃ ወርዶ ከብቱን ሲያጠጣ ኋለኛው ገና የትናንቱን ሰፈር አልለቀቀም ማለት ነው። ያንኑ ሁለት መቶ ቶን ግን ሁለት ሦስት ጀልባ የሚጎትት አንድ መርከብ ይዞት ይሄዳል። የጋምቤላ ወደብ የኖረው በዚህ ልዩነት ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንኳ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ፊቱን ወደ ምዕራብ እንዳዞረ የቆየው፣ ከጎሬ እስከ አዲስ አበባ ያለውን የበቅሎ ጉዞ የሚያስንቅ የውኃ መንገድ በቅርቡ ስለነበረው ነው።

ነገር ግን ወንዙ የሚሰጠውን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ባሮ መርከብ የሚያስኬድ ውኃ የሚይዘው በክረምቱ ወራት፣ ይኸውም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። በእነዚሁ ወራት የደጋው መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ቅፍለት አይንቀሳቀስም። መንገዱ ደርቆ ቅፍለቱ በሚንቀሳቀስበት በበጋ ደግሞ ወንዙ ወርዶ አሸዋው ይታያል። ስለዚህ መርከቡና አህያው በአንድ ወደብ የሚያገለግሉ ሲሆኑ እርስ በርሳቸው አይገናኙም። አንዱ ሲመጣ ሌላው ሄዷል። በመካከላቸው የሚቆመው መጋዘኑና የመጋዘኑ ባለቤት ብቻ ነበር።

የእንግዳው ነጋዴ ዓመት የሚጀምረው እንግዲህ በጥቅምት መጨረሻ፣ የመጨረሻው መርከብ ከሄደ በኋላ ነው። በኅዳር ወኪሎቹ ማርትሬዛ ብርና አቡጀዲ ይዘው ወደ ጎሬ፣ ወደ ቡሬና ወደ ሳዮ ይወጣሉ፤ ቡናው ገና ሳይለቀም ወይም ገና በአውድማ ሳለ ቅድሚያ ይከፍላሉ። ከጥር ጀምሮ ቅፍለቱ ይወርዳል። እስከ ሚያዝያ ድረስ በበረሃው ሙቀት ውስጥ መመዘን፣ ማበጠር፣ ጆንያ መስፋትና መደርደር ነው። የክርክሩም ወራት ይኸው ነበር። ሲራራ ነጋዴው በደጋ ያስመዘነው ፈረሱላ በቆላ ጎድሎ ይገኛል፤ እንግዳው ነጋዴ «ድንጋይና ገለባ ቀላቅለሃል» ይላል፤ ባለ ቅፍለቱም «ሚዛንህ ሌባ ነው» ይላል።

ሁለቱም ሁልጊዜ ሐሰተኞች አልነበሩም። አንድ መቶ ኪሎ ቡና አሥራ ሦስት በመቶ እርጥበት ይዞ ተመዝኖ፣ በጉዞ ላይ ደርቆ ወደ አሥራ አንድ በመቶ ቢወርድ፣ ማንም እፍኝ ሳይነካው ከሁለት ኪሎ በላይ ይቀንሳል። በሁለት መቶ ቶን ላይ ይህ አራት ቶን ተኩል ያህል ነው። በጋው የወሰደውን ክብደት ማን ይክፈለው የሚለው ጥያቄ ዛሬ በውል አንቀጽ ይፈታል፤ ያን ጊዜ የሚፈታው ጉልበትና ብድር ባለው ወገን ፈቃድ ነበር። ብድሩም በእንግዳው እጅ ነበር።

ግንቦት የመጠበቅ ወር ነው። መጋዘኑ ሞልቷል፤ ገንዘቡ ሁሉ በጆንያ ውስጥ ነው፤ ነጋዴው ወንዙን ያያል። ዝናቡ በደጋ ቀድሞ ከጣለ ደስ ይለዋል፤ ከዘገየ የለንደንና የማርሴይ ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰ እያሰበ ይጨነቃል። በሰኔ የመጀመሪያው መርከብ ጨው ጭኖ ይመጣል፤ ቡና ጭኖም ይመለሳል። እዚህም የተፈጥሮ ክፋት አለ። ጨው የአየሩ እርጥበት ከሰባ አምስት በመቶ ሲያልፍ ውኃ እየሳበ መቅለጥ ይጀምራል፤ ጨዉ የሚደርሰው ደግሞ የጋምቤላ አየር እጅግ በሚረጥብበት ክረምት ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ መንገዱ ደርቆ ደገኛው ለመግዛት እስኪወርድ፣ ጨውን ሳያቀልጡ ማቆየት የመጋዘን አሠራር ጉዳይ ነበር። ወለሉ ከመሬት ካልተነሣ፣ ጣሪያው ካልተከደነ፣ በሩ በጊዜው ካልተዘጋ ትርፉ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል።

በዚህ ዓይነት በኅዳር የወጣ ገንዘብ ተመልሶ የሚገባው በሚቀጥለው መስከረም ወይም ከዚያ በኋላ ነበር። ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞርበት ንግድ ዋጋው ከባድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚታገሥ ካፒታል ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ይገቡበታል። የአገር ተወላጁ ነጋዴ ከቅፍለት አልፎ ወደ መጋዘን ባለቤትነት ለመሸጋገር ያዳገተው ብልሃት ስላነሰው እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያነሰው ለአሥር ወር የሚጠብቅ ገንዘብና ያንን ገንዘብ የሚያበድረው ባንክ ነበር። የወደቡ መሬት ባለቤቶች የነበሩት አኙዋኮች ደግሞ ቡናም አቡጀዲም በፊታቸው ሲያልፍ ከማየት በቀር በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አልተሰጣቸውም።

በጣቢያው ውስጥ የእንግሊዝ ሹም ነበር፤ በጎሬም የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ ከጣቢያው ውጭ የኢትዮጵያ ጉምሩክ ነበር። ነጋዴው በሦስቱ መካከል አቤቱታውን ይዞ ይመላለሳል። ምክር ቤት የሚባል ባይኖርም ምክር ቤት የሚሠራውን ሁሉ ይሠሩ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ስለ ቀረጥ በአንድነት ይጮኻሉ፤ ስለ መርከብ ተራ ይደራደራሉ፤ ማን ብድሩን እንደከፈለና ማን እንደካደ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። የዛሬው ምክር ቤት ይህንኑ በደብዳቤና በስብሰባ ያደርገዋል።

ፍጻሜው በውሉ እንደተጻፈው ሆነ። ሱዳን ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝ የኪራዩ ምክንያት ጠፋ፤ ጣቢያውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መመለሱ ተገቢ ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በወደቡ የተከማቸው ዕውቀት፣ ይኸውም ወንዙ በየትኛው ሳምንት ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ፣ ቡና በቆላ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው የካርቱም ነጋዴ እንደሚታመን የሚያውቀው ሰው ዕቃውን ሲጭን ዕውቀቱንም አብሮ ጫነ። ተከታይ አላሠለጠነም፤ እንዲያሠለጥን ያስገደደውም አልነበረም። በኋላ ቡናው በአዲሱ የመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነትም የወንዙን መንገድ ዘጋው።

አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቤላ ሻንጉል እንለፍ። እዚህ የእንግዳው ነጋዴ ታሪክ በሌላ መልክ ይታያል፤ ምክንያቱም ሸቀጡ ወርቅ ነው። አንድ ሺህ ወቄት ወርቅ ሃያ ስምንት ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። አንድ በቅሎ ይዞት ይሄዳል፤ ከሰው ጭነት እንኳ አያልፍም። ስለዚህ ወርቅ መርከብ አይሻም፤ መጋዘን አይሻም፤ አየሩ ቢረጥብ አይሻግትም፤ ቢደርቅ አይቀንስም። የሚሻው ጠባቂና የሚታመን ሰው ብቻ ነው።

የቤላ ሻንጉል ወርቅ ዝና ከሩቅ ይሰማ ነበር። በ1813 ዓ.ም. ገደማ የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች መካከል ባሪያና ይኸው ወርቅ ይገኙበታል፤ በ1831 ዓ.ም. ራሱ በስተርጅና ዕድሜው እስከ ፋዞግሊ ድረስ መጥቶ የተባለውን ያህል ሳያገኝ ተመለሰ። ከሠራዊቱ ይልቅ የቆዩት ከሰሜን ሱዳን እየተነሡ አህያና ግመል ጭነው የሚመጡት ነጋዴዎች፣ ጀላባዎች ነበሩ። ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና ብረት ያመጣሉ፤ ወርቅ ይወስዳሉ። ሰውም ይወስዱ ነበር፤ ይህ በለዘብታ የሚታለፍ አይደለም፤ የበርታ፣ የማኦና የኮሞ ሰዎች ለብዙ ዘመን በዚህ ንግድ ተሸጠዋል፤ ከሻጮቹም መካከል የአገሩ ሹማምንት ነበሩበት።

የጀላባው ዓመት ከጋምቤላው የተለየ ነበር። በክረምት ከቆላው ወደ አሶሳ የሚወጣው መንገድ ጥቁር አፈሩ ስለሚይዝ አይነቃነቅም፤ ቅፍለቱ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። በጋው የመገበያያ ጊዜ ነበር፤ ክረምት ሲቃረብ ግን ነጋዴው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ሱዳን መመለስ ወይም በበርታ መንደር መክረም። ብዙዎች ከረሙ። የከረመ ሰው ጎጆ ይሠራል፤ ጎጆ የሠራ ያገባል፤ ያገባ ሰው ልጅ ያስተምራል፤ ያስተማረውም ቁርአንና የዓረብኛ ቋንቋ ነበር። ከእነዚህ ጋብቻዎች የተወለዱት ወገኖች በኋላ አገሩን የሚገዙ ሆኑ። «ወጣዊጥ» ይባሉ ነበር፤ በዓረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። ከወፍም ከአውሬም ወገን ያልሆነችውን ፍጥረት ስም ለሁለት ወገን ልጆች ማውጣታቸው ስላቅ ያለበት ይመስላል።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ዘምተው አገሩን ሲያስገብሩ ያገኟቸው የአሶሳው፣ የቤላ ሻንጉሉና የሆሞሻው ሹማምንት የእነዚህ ወገኖች ነበሩ። ከእነርሱ ስመ ጥሩው ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን ዓመታትን በአዲስ አበባ ካሳለፉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በየዓመቱ ወርቅ እየገበሩ ገዙ። በአዲስ አበባ ያሠሩት ትልቅ ቤት በጉለሌ በስማቸው ይታወቃል። ግብሩ በወርቅ መሆኑ የጀላባውን ንግድ ከቤተ መንግሥቱ ንግድ ጋር አጋጠመው፤ ለግብር የወጣው ወቄት ለገበያ አይወጣምና። የበርታ ሴት ከወንዝ ዳር አሸዋ አጥባ ያገኘችውን ቅንጣት ማን እንደሚወስድ የሚወስነው ዓመታዊው ግብር ነበር። ወርቅ አጠባው ደግሞ የራሱ ወቅት አለው፤ ጉድጓዱ ውኃ ሳይሞላው በበጋ መቆፈር፣ አፈሩን ለማጠብ ግን ውኃ ማግኘት ያስፈልጋልና።

እንግዲህ ሁለቱን ማኅበረሰቦች ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል። የጋምቤላው እንግዳ በውል መጣ፤ መጋዘን ሠራ፤ በውሉ ፍጻሜ ሄደ። የአሶሳው እንግዳ ያለ ውል መጣ፤ መጋዘን አልሠራም፤ አልሄደምም። የልጅ ልጁ ዛሬ የአገሩ ሰው ነው። ልዩነቱን ወደ ሃይማኖት ወይም ወደ ጠባይ ብቻ ማዞር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሸቀጡ ክብደት የሠራው ሥራ ተዘንግቶ መታለፍ የለበትም። ከባድ ዕቃ የሚነግድ ሰው ከመንግሥትና ከመርከብ ኩባንያ ጋር ይታሰራል፤ ቀላል ዕቃ የሚነግድ ሰው ግን የሚታሰረው ከሰው ጋር ነው።

የኋለኛው ዘመን በፍጥነት ሊታለፍ ይችላል። ኢጣሊያ ምዕራቡን ያዘች፤ ከቤልጅየም ኮንጎ የመጣው ጦር መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን፣ ከዚያም በዚያው ወር ጋምቤላን ያዘ። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት የወሎ አውራጃዎችና ከሌሎችም ብዙ ሕዝብ ወደ አሶሳ ዙሪያ ሰፈረ፤ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች ተቆረቆሩ፤ የአሶሳም ገበያ ቋንቋ አማርኛና ዓረብኛ ተቀላቅሎ የሚሰማበት ሆነ። በጠረፉ ማዶ የሱዳኗ ኩርሙክ በኅዳር 1980፣ በጥር 1989፣ እንደገናም በ2004 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ባለቤት በለወጠች ቁጥር ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። የሸርቆሌ መጠለያ፣ የባምባሲ መጠለያ፣ በመጨረሻም የጾሬ መጠለያ የእነዚያ ጦርነቶች ውጤቶች ናቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነትም ሌላ ሕዝብ አመጣ።

የጾሬው ባለ ሱቅ ዓመት እንዴት ይውላል? ወንዝ አይጠብቅም፤ ቅፍለትም አይጠብቅም። የሚጠብቀው የእህል እደላን ቀን ነው። ስደተኛው ከሚሰጠው ራሽን ከፊሉን ይሸጣል፤ በገንዘቡ ወፍጮ ይከፍላል፤ ስኳር፣ ሽንኩርትና ሳሙና ይገዛል። ስለዚህ እህሉ በሚታደልበት ሳምንት ገበያው ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንቶች ሱቁ በዱቤ ይሸጣል። የጋምቤላው ነጋዴ ገንዘቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይዞር እንደነበረ፣ የጾሬው በወር አንድ ጊዜ ይዞራል። ዱቤው ግን ያው ዱቤ ነው፤ የሚከፈለውም ዕቃው በሰዓቱ ከመጣ ብቻ ነው።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በእርዳታ አሰጣጡ ላይ በተነሣ ምርመራ ምክንያት እደላውን በመላው አገሪቱ አቋረጠ፤ ለስደተኞች የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ለእንዲህ ያለ ገበያ ይህ ማለት ባሮ ሳይሞላ የቀረበት ክረምት ማለት ነው። ገዢው የሚሸጠው እህል የለውም፤ ሻጩም የሰጠውን ዱቤ የሚሰበስብበት የለውም። በአሶሳ ላሉት ጅምላ ነጋዴዎችም ዕዳው ወደ ላይ ይተላለፋል፤ የጾሬው ሱቅ ስኳሩን የሚያገኘው ከአሶሳ ነጋዴ ነውና። ስደተኛው ከሰረ ሲባል የአሶሳው ኢትዮጵያዊ ነጋዴም ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የበጎ አድራጎት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም።

ሕጉ ወደፊት ተራምዷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በሥራና በንግድ እንዲሰማሩ መብት ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በመመሪያ ቁጥር 1001 ለረጅም ጊዜ ለአገር ተወላጆች ብቻ ተከልሎ የቆየው የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ከፍ ያለ አቅም ላላቸው የውጭ ባለ ሀብቶች ተከፈተ። ሁለቱ ሕጎች የሚናገሩት ስለ ባዕድ ነጋዴ ነው፤ የሚናገሩለት ሰው ግን አንድ አይደለም። አንደኛው በአዲስ አበባ አዳራሽ የሚሰበሰብ፣ ምክር ቤቱ በስሙ ደብዳቤ የሚጽፍለት ነው። ሁለተኛው ሚዛኑን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ስለ እርሱ ደብዳቤ የሚጽፍለት ምክር ቤት የለውም።

በዚሁ ክልል ሌሎች እንግዶችም አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጉባ ወረዳ ሲገነባ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ የውጭ ተቋራጮችና መሐንዲሶች በክልሉ ኖረዋል፤ ከእናንተም መካከል አብረዋቸው የሠራችሁ አላችሁ። በኩርሙክ ወረዳም በ2010ዎቹ የውጭ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን መገንባት ጀምሯል። የእነዚህ ኩባንያዎች ዓመት ከወንዝም ከእደላም ጋር አይገናኝም፤ የሚቆጠረው በክፍያ ሰርተፊኬትና በርክክብ ቀን ነው። እንደ ጋምቤላው ሁሉ የሚሄዱበት ቀን በውላቸው ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ምን ያህል ብር አመጡ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በሚሄዱበት ቀን ልምዱ በማን እጅ ይቀራል የሚለውም ነው። በጋምቤላ ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ለማኅበሩ የሚቀርበው ጉዳይ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ሆነ ተብሎ ነው። በአዋጅ ቁጥር 341 መሠረት በክልልና በከተማ ደረጃ የሚቋቋሙት የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በዚህ ጠረፍ ላይ ከሚያጋጥማቸው ችግር ዋነኛው ስብሰባ ማጣት አይደለም። ያጡት ደረቅ መጋዘንና ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ሚዛን ነው። በቆሎና ማሽላ በክረምት ይሻግታል፤ ስኳር እንደ ድሮው ጨው ውኃ ይስባል፤ ሻጩና ገዢው አሁንም «ሚዛንህ ሌባ ነው» ይባባላሉ። የአሶሳው ጅምላ ነጋዴና የጾሬው ባለ ሱቅ በጋራ ኪራይ እየከፈሉ የሚጠቀሙበት አንድ መጋዘን፣ በበሩም ላይ በየጊዜው የሚፈተሽ አንድ ሚዛን ቢኖር፣ የሁለቱ ወገን ነጋዴዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚነጋገሩበት ምክንያት ያገኛሉ። ምክር ቤትም ቢሆን በመጀመሪያ የተፈጠረው በእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ መሆኑን የጋምቤላ ታሪክ ያስረዳል።

ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ መቶ ቶን በጆንያ የታሸገ እህል አንድ መቶ ሃምሳ ሜትር ኪዩብ ያህል ቦታ ይይዛል፤ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ቢደረደር ስድሳ ካሬ ሜትር ወለል ይበቃዋል፤ መተላለፊያው፣ የሚዛኑ ቦታና ከግድግዳው የሚተወው ክፍተት ሲታሰብ መቶ ካሬ ሜትር ይሆናል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቀመጥ፤ ከወለሉ በታች አየር ይለፍ፤ ምስጥ እንዳይወጣበት እግሮቹ በቆርቆሮ ይከለሉ፤ የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ይርዘም። ድንጋዩ በአካባቢው አለ፤ ግንበኛውም በመጠለያውም በአሶሳም አለ። ንድፉን ከማኅበሩ አባላት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያለ ክፍያ ሊሠሩት ይችላሉ። በኅዳር መሠረቱ ቢቆፈር፣ የሚያዝያው ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጣሪያው ይከደናል።